የቁልቁለቱ ሚስኮል

ጣፈጠች የሰው ሞት የሚደርሳት እንደ ሌላው ሰው በእሪታ አልነበረም፤ በጣቷ ነበር። ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት የትራፊክ ክፍል ጸሐፊ ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ በታይፕራይተር፣ በኋላም በኮምፒዩተር፣ በአካባቢው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ በእጇ አልፏል። ስም፣ ዕድሜ፣ የአደጋው ቦታ፣ የአደጋው መንስኤ። ስለዚህ ሌላው ሰው መንገድን በሚያደርሰው ከተማ ሲያውቀው እሷ የምታውቀው በሟቾቹ ነበር። የሻንቶ መንገድ ለእሷ ሁለት ተማሪዎችና አንድ በቅሎ ነው። የገሱባው ከለቅሶ ሲመለስ የተገለበጠ አይሱዙ ነው። ወደ ተበላ ከተማ የሚያወርደውን ቁልቁለት ግን ስሙን መጥራትም አትወድም፤ የላይኛው ግማሹ የአደጋ ሰነድ ብቻ አንድ መደርደሪያ ሞልቷል።

የሥራ ባልደረባዋ ወይንሸት ትቀልድባት ነበር። «አንቺኮ መንገድ አታውቂም፤ የምታውቂው መቃብር ነው» ትላታለች።

ባሏ ሀብተየስ ደግሞ መንገድን የሚያውቀው በመሪ ነበር። የአንድ የቤተ ክርስቲያን የልማት ድርጅት ላንድክሩዘር ሲያሽከረክር ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሰዎች ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም እያሉ ሲያሞግሱት ዝም ብሎ አይቀበልም። «ገጭቻለሁ እንጂ» ይላል። «ገሱባ አጠገብ አንዲት ዶሮ ገጭቻለሁ። ግን ቆሜ፣ የማን እንደሆነች ጠይቄ፣ ለባለቤቷ ነግሬያለሁ።» ይህን ሲል አይስቅም።

የመጀመሪያ ልጃቸው ዘማሪ በ2003 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር ሀብተየስ ሁለት ወር ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ወር አንድ ሰማያዊ ባጃጅ እየነዳ ወደ ግቢ ገባ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግንብ ላይ ከሚቀመጥ ይሥራበት አለ። ጣፈጠች ባጃጁን ዞራ ዞራ አየችው። ሦስት ትንንሽ ጎማ፣ ሸራ፣ አንድ መስታወት። በእሷ ዓይን የተሠራው ከቆርቆሮ ሳይሆን ከወረቀት ነበር፤ ለዚያውም እሷ ከምትጽፍበት ወረቀት።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ወር ሳይማር ሰው አይጭንም ብላ ባሏን ቁርጡን ነገረችው።

«ስድስት ወር?» አላት ሀብተየስ። «መንጃ ፈቃድ እንኳ ይህን ያህል አይፈጅም።»

«መንጃ ፈቃድ ያላቸውን ነው እኔ የምጽፋቸው» አለችው።

ሀብተየስ ተሸነፈ። ደግሞም ማስተማሩን ወዶት ነበር። ዘማሪ በመጀመሪያው ወር ቁልፍ አልያዘም። በየማለዳው ከባጃጁ ሥር እየተንበረከከ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ክላክሱን ያይና ለአባቱ አንድ በአንድ ይናገራል። አንዱን ከዘለለ ከአንደኛው ይጀምራል። ከዚያ በባዶ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ሰው በሌለበት የጠጠር መንገድ፣ ቀጥሎ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባሉት አቀበቶች። ባጃጅ ማርሹም ፍሪሲዮኑም በግራ እጅ ነው፤ ስለዚህ ሀብተየስ ከኋላ ተቀምጦ ሁልጊዜ የሚያየው የልጁን ግራ እጅ ነበር። አንድ ቀን ዘማሪ በግራ እጁ አፍንጫውን ሲያክ አስቆመው። ከዚያች ቦታ እስከ ቤት ድረስ ባጃጁን አስገፋው። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ግራ እጅህ ደግሞ ያንተ አይደለም፤ የተሳፋሪው ነው» ይለው ነበር።

ጎረቤት ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ እግር ጉዞው ነው። በአራተኛው ወር፣ በተበላ የገበያ ዕለት፣ ሀብተየስ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን በልጁ ጀርባ ላይ በገመድ አሰረና ከሶዶ እስከ ተበላ ቁልቁለቱን በእግሩ አስወረደው። ራሱም ከኋላው ይሄዳል። ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። አንዲት የሚያውቁት ሴት፣ ልጅህን ምን ቢበድልህ ነው ብላ በወላይትኛ ስትጠይቀው፣ መንገዱን በእግሩ ሳያውቀው በጎማ አይሄድበትም አላት። ከግማሽ መንገድ በኋላ አንድ መኪና ከኋላ ክላክስ ነፋ። ዘማሪ ዘወር ብሎ ሊያይ ፈለገ፤ አንገቱ ግን በገመዱ ተይዞ አልዞር አለው። መላ ሰውነቱን አዞረ። ሲዞር ጀሪካኑ ጎተተውና ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ መሀል ገባ። ሀብተየስ በክንዱ ይዞ መለሰው።

«አየህ?» አለው። «ሸክም ያለበት ሰው አንገቱን አያዞርም፤ ሙሉ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። ሲዞር ደግሞ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ክላክስ ነፍቻለሁና አውቆልኛል አትበል። ቀድመህ ቀስ በል።»

ዘማሪ ሲመለስ ትከሻው ተልጦ ነበር። ጣፈጠች ቅባት እየቀባችው ባሏን በልቧ አመሰገነችው።

የእሷ ትምህርት በእራት ላይ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ስም ሳትጽፍ በደብተር የገለበጠቻቸውን አደጋዎች ታነብባለች። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ ከመጠን በላይ ጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነቅሎ። ዕድሜዋ ሰባት፣ ከቆመ አውቶቡስ ፊት ለፊት ስታቋርጥ። ትንሿ ልጇ ትዝታ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትሸሻለች። አንድ ምሽት ሀብተየስ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «እኔ መንዳት አስተምረዋለሁ፣ አንቺ መሞት ታስተምሪዋለሽ። ከሁለት አንዳችን እንተው» አላት። ዘማሪ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ደብተሩን ግን ዘጋችው።

ዘማሪ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ከሶዶ ወደ ተበላ ሰው መጫን ጀመረ። ሀብተየስ አንድ የማይነቃነቅ ሕግ አወጣ፤ ጎማ እየዞረ ስልክ አይነካም፣ ስልኩም ከሹፌሩ ወንበር ሥር ካለችው ሳጥን አይወጣም። ጣፈጠችም በሕጉ ተስማማች። ግን ልጁ ከቤት ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ ዓይኗ ከሰዓት ላይ አይነሣም። የምትጽፈው ስም ሁሉ ዘማሪ እየሆነባት ሁለት ጊዜ ፊደል ስታ ሰነድ ተመለሰባት። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ልጁን ለብቻው ጠራችው። ሦስት ሚስኮል ብቻ ነው የምለምንህ አለችው፤ ከመናኸሪያ ስትነሣ አንድ፣ ከባዱን ቁልቁለት ስትጨርስ አንድ፣ ተበላ ስትገባ አንድ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጩህና ዝጋው፤ አላነሣውም፣ ሂሳብ አይቆርጥብህም።

«አባዬ ግን ስልክ…» አለ ዘማሪ።

«ዳር ይዘህ፣ አቁመህ ነዋ። አባትህ ማወቅ የለበትም።»

ዘማሪ እናቱን የሚያሳዝን ልጅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ በየጉዞው ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አንዴ ብቻ እየጮኸ ዝም ይል ጀመር። የመጀመሪያው ሲጮህ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሁለተኛው ሲጮህ ትለቀዋለች። ወይንሸት እንኳ ለምዳው፣ ሁለተኛው ሲጮህ «እሺ፣ ልጅሽ ዛሬም ተወለደ» ትላት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ጣፈጠች ስልኩን በእጇ እንደያዘች ሁለተኛው ሚስኮል ሲመጣ አውራ ጣቷ ሳታስበው መልሱን ነካ። ሞተር ይሰማል። ነፋስ ይሰማል። አንድ ተሳፋሪ፣ «ሹፌር፣ ሚስትህ ናት የምትቆጣጠርህ?» ሲል፣ ዘማሪ «እናቴ ናት» ሲል፣ ሁሉም ሲስቁ ሰማች። ሞተሩ ግን አልቆመም። ባጃጁ እየወረደ ነበር።

ቶሎ ዘጋችው። ልጁ ለምን እንደማይቆም ወዲያው ገባት፤ ቁልቁለት መሀል ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ማታ ልትነግረው አሰበች። ዘማሪ ገባ፣ በላ፣ ሳቀ። ብነግረው ቁልቁለቱ ላይ መደወሉን ይተወዋል፤ ከተወው ደግሞ ከመናኸሪያ እስከ ተበላ ያለውን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ነው የምኖረው አለች በልቧ። ዝም አለች። በማግስቱ ሁለተኛው ሚስኮል በሰዓቱ መጣ። በማግስቱም። እሷም ተነፈሰች።

አደጋው በግንቦት በአንድ የገበያ ዕለት ደረሰ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ዘማሪ ከመናኸሪያ ተነሥቷል። ጣፈጠች የአንድ ሕፃን ሰነድ እየጻፈች ነበር። ለአምስት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ሁለተኛውን ጮኸ። እሷም ልትተነፍስ አፏን ከፈተች። ስልኩ ግን አልቆመም። ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛ። ወይንሸት ቀና ብላ አየቻት። በአራተኛው አነሣችው።

መጀመሪያ የሰማችው ቆርቆሮ በድንጋይ ላይ ሲጎተት ነው። ከዚያ ጸጥታ። ከሩቅ ሰዎች ይጮኻሉ። ከዚያ በጣም ከቅርብ፣ በጆሮዋ ሥር የተቀመጠች ያህል፣ የማታውቃት ሴት ድምፅ በወላይትኛ ተናገረ። ድምፁ የሚያመው ሰው ድምፅ አይመስልም፤ የደከመው ሰው እንጂ። «ጨዉ ፈሰሰ» አለች ሴትየዋ። «ጨዉን ሰብስቡልኝ።» ሌላ ቃል ልትጨምር ጀመረች። ጣፈጠች የሚቀጥለውን ላለመስማት ስልኩን ዘጋችው።

ሴትየዋ ብርቄ ትባላለች። ተበላ ገበያ ማልዳ ደርሳ፣ የገዛችውን በጀርባዋ አዝላ፣ በመንገዱ ዳር ወደ ቤቷ ስትወጣ ነው ባጃጁ የገጫት። የሦስት ልጆች እናት ናት። ወደ ላይ የሚወጣ ሚኒባስ አሳፍሯት ነበር፤ ሶዶ ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ተሳፋሪዎቹ ተቧጥጠው ተረፉ። ዘማሪ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ተበላ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

በማግስቱ ባልና ሚስት ቅቅል ጎዳሬና ማባያ ዳጣ በፌስታል ይዘው ወረዱ። ሀብተየስ ከመርማሪው ጋር ሊነጋገር ወደ ውስጥ ሲገባ ጣፈጠች ከልጇ ጋር በአጥሩ ጥግ ለብቻቸው ቀሩ። ፊቱ አብጧል። ፌስታሉን አልተቀበላትም።

«ፍሬን እምቢ አለኝ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አላት ዝግ ብሎ። «ስልኩን አላገኙትም። ሣር ውስጥ ቀርቷል። አንቺ ጋ ያለውን ጥሪ አጥፊው እማ።»

«ለምን?»

«ስልክ ነክቻለሁ ካልኩ ማን ጋ ይሉኛል። ከዚያ አንቺን ያመጡሻል።»

ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ዘማሪ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። ሴትየዋ ከታች ወደ እሱ የምትመጣ ሳትሆን ጀርባዋን ሰጥታው የቆመች ነበረች፤ ሸክሟን ለማስተካከል ቆማ ነበር። ክላክስ ነፋ። «ዞረች። በሙሉ ሰውነቷ። እንደዚያን ቀን፣ እኔ በጀሪካኑ እንደዞርኩት» አለ። «እንደምትገባ አውቄ ነበር እማ። ሳትዞር በፊት አውቄ ነበር። ግራ እጄ ግን ስልኩን ይዟል።»

በሚኒባስ ሲመለሱ ሀብተየስ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ጣፈጠች ከኋላ፣ ስልኳን በነጠላዋ ውስጥ ይዛ፣ ያን ጥሪ ፈልጋ አጠፋችው። አሥራ አራት ዓመት የሌሎችን ቃል ስትጽፍ አንዲት ፊደል ቀይራ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አላሰበችበትም ነበር። ልጁ ፍሬን ሲል እናቱን ለማትረፍ ነበር፤ ፍሬኑን ግን በዋዜማው ማታ በገዛ እጁ አስተካክሎ ያሰረው ሀብተየስ ነው። ባለሙያዎች የተሰባበረውን ባጃጅ አዩ። የፍሬኑ ቱቦ ተበጥሷል፤ ከግጭቱ በፊት ይሁን በኋላ ግን መለየት አልተቻለም ብለው ጻፉ። ለሀብተየስ ያ በቂ ነበር። መርማሪው ፊት ቀርቦ፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም የእኔ ነው፣ ቱቦውን አላጠበቅኩትም ብሎ ፈረመ። በሳምንቱ ወደ ድርጅቱ ሄዶ የላንድክሩዘሩን ቁልፍ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ኃላፊው ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ዕረፍት ውሰድ አሉ። ፍሬን ማሰር የማይችል ሰው ሰው አይጭንም ብሏቸው በእግሩ ወደ ቤት መጣ።

ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ባጃጁ ይቆምበት በነበረው ቦታ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እጆቹን ይከፍታል፣ ይጨብጣል፣ ይከፍታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩለት፤ የጌታ ፈቃድ ነው አሉት። አሜን አላለም። የጎረቤታቸው የብርሃኔ አዲስ የተወለደ ልጅ ሲመጣ ሁሉም እየተቀባበለ ሲያቅፈው፣ የእሱ ተራ ሲደርስ እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። ትዝታ ወደ ጓዳ ገብታ እናቷን፣ አባዬ እጁን ምን ሆኖ ነው ስትል ጠየቀቻት።

ጣፈጠች ሂሳቧን በየቀኑ ታወጣ ነበር። የአደጋ መንስኤ፦ የቴክኒክ ጉድለት። ይህ ከተጻፈ ልጇ ምን ያህል እንደሚቀጣ ታውቃለች። የአደጋ መንስኤ፦ እያሽከረከሩ ስልክ መጠቀም። ይህንንም ታውቃለች፤ በወር በወር የምትጽፈው ነው። ሀብተየስ ትልቅ ሰው ነው፣ ሐዘን ይችላል፤ ልጅ ግን እስር ቤት ካደገ አይቃናም ትላለች። ከዚያ በመስኮቱ የባሏን እጆች ታያለች። ሲከፈቱ፣ ሲዘጉ። አንድ ቀን ሳታስበው ቆጠረች፤ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አራት መቶ አለፈ።

ወደ ሟቿ ቤተሰብ የእርቅ ሽማግሌ የላኩት ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ነው። መሪው አቶ ወልደመስቀል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ። ሁለት ጊዜ ወደ ሟቿ ባል ወደ ቦልቴ ሄደው በሩን አልከፈተላቸውም። በሦስተኛው ከፈተ። በእርቁ ቀን የሀብተየስ ወገን ከሶዶ ወርዶ ከቦልቴ ደጅ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። የብርቄ ሦስት ልጆች በበሩ ደፍ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ትንሹ አራት ዓመት ቢሞላው ነው።

አቶ ወልደመስቀል ቆመው ተናገሩ። አባቶቻችን ጎሜ የሚሉት ነገር አለ አሉ፤ ተደብቆ የቀረ በደል በደበቀውም በተበደለውም ቤት ይዞራል ይላሉ። እኛ ወንጌል አውቀናል፣ በዚህ አንፈራም፤ ነገር ግን ተደብቆ የቀረ ነገር ካለ እርቅ እንደማይሆን ወንጌልም ይላል። ስለዚህ ያለው ይናገር።

ሀብተየስ ተነሣ። ኮቱ ሰፍቶት ነበር። «እጄ ነው» አለ። «ልጁን አስተምሬው ነበር። ልጁ አላጠፋም። ፍሬኑን ያላሰርኩት እኔ ነኝ።» እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ያህል፣ ቆመ።

ጣፈጠች ያን ጊዜ ያን የገሱባ ዶሮ አሰበች። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ቆሞ፣ የማን እንደሆነች ጠይቆ፣ ለባለቤቷ የነገረ ሰው ነው ይህ።

ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ሴት እንዲህ ባለ ጉባኤ ሳትጠየቅ አትናገርም፤ አንዲት አክስት ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። ጣፈጠች በሰዎቹ መሀል አልፋ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለች። «ልጁ እኔ ጋ እየደወለ ነበር። ደውልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳያቆም እንደሚደውልም አውቅ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ። ነገ ለመርማሪው ይህንኑ እነግረዋለሁ።»

አቶ ወልደመስቀል መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ሀብተየስ እጆቹን ሳይሰበስብ ዘወር ብሎ አያት። እንዲቆጣ ፈለገች፤ አልተቆጣም። የቀለለውም አይመስልም። በመካከላቸው ያለው ሰው ብቻ እንዲሰማ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስድስት ወር እሱን ሳስተምር» አላት፣ «አንቺን ማስተማር ረሳሁ።» ከዚያ ተቀመጠ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ እንደተከፈቱ ቀሩ።

ከዚያ ቦልቴ ተናገረ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። በወላይትኛ ነበር የሚናገረው።

«የዘማሪ እናት» አላት። «ስልኩ ሲደወል አነሣሽው?»

«አንሥቻለሁ።»

«እሷ አጠገብ ነበር የወደቀው?»

«አዎ።»

ሰዎቹ ይቆጣል፣ ይነሣል ብለው ጠበቁ። «ሚኒባሱ ውስጥ አብረዋት የነበሩት ሁሉ ምንም አልተናገረችም ነበር ያሉኝ» አለ ቦልቴ በመጨረሻ። «እኔ ጋ የመጣችው ዝም ብላ ነው።» ከዚያ፣ «ምን አለች?» ሲል ጠየቃት።

ጣፈጠች ያን ድምፅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሮዋ ይዛው ነበር። ስትጽፍ፣ ስትጸልይ፣ ምጣድ ስታጥብ። የሌላ ሰው ንብረት ወስዳ እንደደበቀች እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም። «‹ጨዉ ፈሰሰ፤ ጨዉን ሰብስቡልኝ› ነው ያለችው» አለችው፤ በብርቄ ቋንቋ፣ ብርቄ እንዳለችው፣ ቀስ ብላ።

ቦልቴ ራሱን ነቀነቀ። «ጨው አልቋል ብዬ ማልዳ ያስነሣኋት እኔ ነኝ» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ በሩ ዞሮ ልጆቹን ጠራ። ሦስቱም መጥተው ከጎኑ ቆሙ። ትልቋ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትንሹን በእጁ ይዛዋለች።

«ለእነዚህም ንገሪያቸው» አላት።

ጣፈጠች ተንበረከከች። አፈሩ እርጥብ ነበር። የልጆቹን ፊት ማየት ስላልቻለች እግራቸውን እያየች ደገመችላቸው። ጨዉ ፈሰሰ። ጨዉን ሰብስቡልኝ።

ትልቋ ማልቀስ ጀመረች። መሀለኛው አባቱን ቀና ብሎ አየው። ትንሹ ግን ተረት እንደሚሰማ ልጅ ጣፈጠችን እያየ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ፣ «ከዚያስ?» አላት።

አቶ ወልደመስቀል በቃ ሊሉ እጃቸውን አነሱ፤ ቦልቴ ግን ከለከላቸው። እሱም እየጠበቀ ነበር።

«ሌላ ነገር ልትል ጀምራ ነበር» አለች ጣፈጠች። «እኔ ዘጋሁት።»